የንባብ ስልት ኮርስን ከኮመን ኮር ስታንዳርድ ጋር ማጣጣም፦ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል መምህራን የአሠራር መመሪያ

በአሜሪካ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው የእንግሊዝኛ ትምህርት ጎን የንባብ ስልት የሚባል ራሱን የቻለ ኮርስ ይሰጣል። ወደ ኮርሱ የሚመደቡት ከክፍላቸው ደረጃ በታች የሚያነቡ ተማሪዎች ናቸው፤ በሜሪላንድ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በሲያትል አካባቢ ከእነዚህ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችም አሉ። መምህሩ ዓመቱ ሳይጀመር ከሚደርሱት ትእዛዞች አንዱ «ኮርሱን ከስታንዳርዱ ጋር አጣጥሙት» የሚል ነው፤ ስታንዳርድ ማለት ተማሪው በየክፍሉ መሥራት መቻል ያለበት ነገር ዝርዝር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ግን የዱሮውን ዕቅድ አውጥቶ ከየትምህርቱ ጎን የስታንዳርድ ቁጥር መደርደር ነው። ይህ ማጣጣም አይባልም። ኮርሱ ተጣጥሟል የሚባለው ተማሪው በሳምንቱ መጨረሻ የሚያስረክበው ወረቀት ስታንዳርዱ የጠየቀውን ሥራ ሠርቶ ሲያሳይ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከዚያ ወረቀት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሠራል።

1. የግዛቱን ስታንዳርድ በእጅ ማድረግ

ኮመን ኮር ብዙ ግዛቶች በጋራ የተቀበሉት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ስታንዳርድ ነው፤ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ካሊፎርኒያ ከተቀበሉት መካከል ናቸው፤ ሜሪላንድን የመሳሰሉ ግዛቶች የራሳቸውን ስም ሰጥተውታል። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ግን ከመጀመሪያውም አልተቀበሉትም፤ ቴክሳስ ቲክስ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ኤስኦኤል የሚባል የራሳቸው ስታንዳርድ አላቸው። ፍሎሪዳም በ2020 ቤስት በተባለ በራሷ ስታንዳርድ ተክታዋለች። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የተዛወረ መምህር ወንዙን ብቻ ሳይሆን ስታንዳርዱንም ተሻግሯል፤ የያዘው ዕቅድ እንዳለ አይሠራለትም። ከዚህ በታች ያለው በኮመን ኮር ቁጥር የተጻፈ ነው። በሌላ ግዛት የሚያስተምሩ ቁጥሩን ትተው ሥራውን ይውሰዱ።

የንባብ ስታንዳርዶቹ 10 ሲሆኑ በአራት ይመደባሉ፦ ከ1 እስከ 3 ስለ ዋና ሐሳብና ዝርዝር፣ ከ4 እስከ 6 ስለ ጽሑፉ አሠራርና አደረጃጀት፣ ከ7 እስከ 9 ዕውቀትን ከተለያየ ምንጭ ስለ ማዋሃድ፣ 10ኛው ደግሞ ስለ ጽሑፉ ክብደት ነው። 9ኛና 10ኛ ክፍል አንድ ላይ፣ 11ኛና 12ኛም አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ያሉት ፊደላት የጽሑፉን ዓይነት ይናገራሉ፦ አርኤል ሥነ ጽሑፍ፣ አርአይ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ፣ አርኤች የታሪክና የማኅበራዊ ሳይንስ፣ አርኤስቲ የሳይንስና የቴክኒክ ጽሑፍ ማለት ነው። የንባብ ስልት ኮርስ ዋና መኖሪያው አርአይ፣ አርኤችና አርኤስቲ ነው። ሥነ ጽሑፉን የእንግሊዝኛው መምህር ስለሚይዘው እዚህ ከአራት ምንባብ ሦስቱ መረጃ ሰጪ ቢሆኑ ምንም አይጎድልም።

2. ግሡን ነጥሎ ማውጣት

እያንዳንዱን ስታንዳርድ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፉና ግሡን ያስምሩበት። ስታንዳርዱ «መጥቀስ»፣ «መለየት»፣ «መተንተን» ወይም «መመዘን» ይላል፤ አራቱ አንድ ሥራ አይደሉም። ተማሪው የጸሐፊውን መከራከሪያ እንዲመዝን የሚጠይቀውን ስታንዳርድ 8 «የጸሐፊው አቋም ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ዘግቶ ቁጥሩን መጻፍ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ያ ጥያቄ የሚያስለየው ብቻ ነው። መመዘን ማለት ምክንያቱ ከድምዳሜው ጋር ይያያዛል ወይ፣ ማስረጃውስ ይበቃል ወይ ብሎ መፍረድ ነው፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍሉ ስታንዳርድ ሐሰተኛ አባባልና የተሳሳተ አመክንዮ ማግኘትንም ይጨምራል።

ከዚያ የታችኞቹን ክፍሎች ካርድ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ለዚህ ኮርስ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው ብንል አላጋነንም፤ ተማሪዎቹ አሁን የቆሙበትን ቦታ የሚያሳየው እሱ ነውና። ስታንዳርድ 1ን እንውሰድ። 5ኛ ክፍል ላይ ከጽሑፉ በትክክል መጥቀስን ይጠይቃል። 6ኛ ላይ ትንተናን የሚደግፍ ማስረጃ፣ 7ኛ ላይ በርከት ያለ ማስረጃ፣ 8ኛ ላይ ከሁሉ ጠንካራውን ማስረጃ፣ በ9ኛና በ10ኛ ጠንካራና የተሟላ ማስረጃ ይላል። በ11ኛና በ12ኛ ደግሞ ጽሑፉ ነገሩን ሳይቋጭ የተወበትን ቦታ መለየት ይጨመርበታል። ይህ ዝግጁ መሰላል ነው። የውጤት መስጫ ሩብሪክዎን በዚህ ቅደም ተከተል ከሠሩት 2 ነጥብ ያገኘ ልጅ «ደካማ» ከመባል ይልቅ «6ኛ ክፍል ላይ ያለውን ይሠራል፤ ቀጥሎ ብዙ ማስረጃ መሰብሰብ፣ ከዚያ ጠንካራውን መምረጥ ይለማመዳል» ይባልለታል። ለወላጅም ሲነገር ይገባል።

3. ጥቂቱን መምረጥ

በአንድ ዓመት ሁሉንም ስታንዳርድ በእኩል ክብደት ማስተማር አይቻልም። እኛ የምንመክረው ምደባ እንዲህ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የማይለዩ፦ ስታንዳርድ 1 (ማስረጃ) እና ስታንዳርድ 10 (በክፍል ደረጃ ያለ ጽሑፍ ማንበብ)።

በተመደቡላቸው ሳምንታት በየተራ የሚተኮርባቸው፦ ስታንዳርድ 2 (ዋና ሐሳብና ማጠቃለያ)፣ 4 (የቃላት ፍቺ በአውድ)፣ 5 (የአንቀጾች ሚና)፣ 8 (መከራከሪያን መመዘን)።

ከንባብ ውጭ የሚጨመሩ፦ የጽሑፍ ስታንዳርድ 9 (ከተነበበው ማስረጃ ወስዶ መጻፍ)፣ የንግግር ስታንዳርድ 1 (ውይይት)፣ የቋንቋ ስታንዳርድ 4 (ያልታወቀ ቃል ፍቺ መፈለግ)።

የቀሩት ሲያጋጥሙ ይነሣሉ እንጂ ምዘና አይያዝባቸውም። ርእሰ መምህሩ «ለምን 3ኛው የለም?» ቢል መልሱ አጭር ነው፦ የእንግሊዝኛው ክፍል ያስተምረዋል፤ የዚህ ኮርስ ጊዜ በቀን 50 ደቂቃ ነው።

4. ስልቱን ከስታንዳርዱ ጋር ማገናኘት

ስልት መሣሪያ ነው፤ በራሱ ስታንዳርድ የለውም። በኮመን ኮር ውስጥ «ተማሪው ይተነብያል» ወይም «በጽሑፉ ላይ ምልክት ያደርጋል» የሚል የ9ኛ ክፍል ስታንዳርድ አይገኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስልት ይህን ይጠይቁ፦ ተማሪው ስልቱን ተጠቅሞ ሲጨርስ እጁ ላይ ምን ይቀራል? የሚቀረው ነገር ወደ አንዱ ስታንዳርድ ካልደረሰ ስልቱ ጊዜ ይበላል።

ማጠቃለል ወደ ስታንዳርድ 2 በቀጥታ ይሄዳል። ስታንዳርዱ የሚለው ከግል አስተያየት የጸዳ ማጠቃለያ ስለሆነ «እኔ እንደሚመስለኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከተገኘ ይሰረዛል። የቃላት ገደብ ይስጡ፤ ለአንድ ገጽ ምንባብ 40 ቃል ይበቃል። ገደብ ከሌለ ተማሪው ምንባቡን አሳጥሮ ይገለብጣል።

መጠየቅ ወደ ስታንዳርድ 1 የሚሄደው ተማሪው የራሱን ጥያቄ ከጽሑፉ ጠቅሶ ሲመልስ ነው። ጥያቄ ብቻ ጽፎ የሚያስረክብ ከሆነ አልደረሰም።

መተንበይ አሳሳች ነው። ከሥዕልና ከርእስ ብቻ የሚደረግ ግምት ወደ የትም አይወስድም። በንኡስ ርእሶች፣ «ሆኖም»፣ «በዚህ ምክንያት» በሚሉ ማያያዣዎችና በአንቀጹ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሞ «ቀጥሎ ጸሐፊው ምን ያደርጋል?» ካለ ግን ስታንዳርድ 5ን ይለማመዳል። ተንብዮ ሲያበቃ ትክክል መሆን አለመሆኑን ራሱ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ማብራራት፣ ማለትም ያልገባን ቃልና ዐረፍተ ነገር ቆሞ መፍታት፣ ከስታንዳርድ 4ና ከቋንቋ ስታንዳርድ 4 ጋር ይሄዳል። ከመጠየቅ፣ ከማጠቃለልና ከመተንበይ ጋር ሲደመር ተመራማሪዎቹ ፓሊንክሳርና ብራውን በ1984 ያስተዋወቁት የመደጋገፍ ትምህርት ይሆናል፦ አራት ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው አራቱን ሥራ በተራ ይመራሉ። ይህ አሠራር የሚበላሸው ሚናዎቹ የወረቀት መሙያ ሲሆኑ ነው። የማጠቃለሉን ሥራ የያዘው ተማሪ ሲናገር ሌሎቹ «ከየትኛው አንቀጽ?» ብለው የመጠየቅ ግዴታ ይኑርባቸው።

በጽሑፍ ላይ ምልክት ማድረግ ሦስት ምልክት ብቻ ይኑረው፦ ለዋና ሐሳብ አንድ፣ ለማስረጃ አንድ፣ ላልገባ ነገር አንድ። በየገጹ የምልክቶቹ ቁጥር ይገደብ። ያለበለዚያ ገጹ በሙሉ ቢጫ ይቀባል፤ ተማሪው ደግሞ ያነበበ ይመስለዋል።

ከራስ ሕይወት ጋር ማያያዝ ለመግቢያ ሦስት ደቂቃ ቢሰጠው ጥሩ ነው፤ የልጁን ፍላጎት ይቀሰቅሳል። ከዚያ ካለፈ ግን ውይይቱ ከጽሑፉ ይወጣል፤ መልሱም ሳያነቡ የሚመለስ ይሆናል።

5. ስታንዳርዱ የማይነግርዎት ክፍተት

በኮመን ኮር የንባብ መሠረታዊ ክህሎቶች፣ ማለትም ድምፅና ፊደል ማዛመድ፣ ቃል መለየትና አቀላጥፎ ማንበብ፣ የተዘረዘሩት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል ብቻ ነው። ለ9ኛ ክፍል ምንም የለም። ኮርሱ ውስጥ ግን «ኢንዲፔንደንስ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል እየገፋ የሚያነብ ልጅ ይቀመጣል። ዕቅድዎ በ9ኛ ክፍል ቁጥሮች ብቻ ከተሞላ ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ማስረጃ እንዲጠቅስ እየተጠየቀ ጽሑፉን ሳያነብ ይወጣል። ስለዚህ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል መሠረታዊ ክህሎቶችን በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ ነውር የለበትም። መሠረቱ እየተማረ በክፍሉ ደረጃ ካለው ጽሑፍም አይለይ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ነገር ይለኩ። አንደኛ፣ በዝምታ የሚነበብ አንድ ገጽና 8 ጥያቄ። ሁለተኛ፣ ለብቻ ጠርተው የአንድ ደቂቃ ድምፅ ንባብ፤ ከተነበቡት ቃላት የተሳሳቱትን ይቀንሱ። ሦስተኛ፣ 20 ረጃጅም ቃላት ያለ አውድ ማንበብ። የሀስብሩክና ቲንዳል የ2017 የድምፅ ንባብ ፍጥነት ሠንጠረዥ በ6ኛ ክፍል መጨረሻ መካከለኛውን 146 ቃል በደቂቃ ያደርገዋል፤ ከ6ኛ ክፍል በላይ አይሄድም፤ እንደ ወለል ማየቱ ግን ይጠቅማል።

ውጤቱ ሦስት ቡድን ይሰጥዎታል። በስሕተትና በቀስታ የሚያነብ ቃል መፍታት ይማራል። በትክክል ግን በቀስታ የሚያነብ ተደጋጋሚ ንባብ ያስፈልገዋል። አቀላጥፎ አንብቦ ያነበበውን መናገር ያቃተው ደግሞ ችግሩ የቃላት፣ የዕውቀት ወይም የስልት ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት የስልት ትምህርት መስጠት የዚህ ኮርስ ትልቁ ድካም ነው። በየቀኑ ከ50ው ደቂቃ 10ሩን ለዚህ ይለዩ። ለቃል መፍታት ቋሚ አካሄድ ይኑር፦ ቅድመ ቅጥያውን መቁረጥ፣ ድኅረ ቅጥያውን መቁረጥ፣ የቀረውን ማንበብ፣ ሁሉንም አገጣጥሞ መጥራት፣ አጠራሩን ከሚያውቁት ቃል ጋር ማስተካከል። የድምፅ ንባቡን ልጁ በእኩዮቹ ፊት እንዲያደርገው አያስገድዱት፤ በ15 ዓመቱ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ አፉን አይከፍትም።

6. ጽሑፍ መምረጥ

ስታንዳርድ 10 የጽሑፍን ክብደት በሦስት ወገን ያያል፦ በቁጥር፣ በይዘት ጥራት፣ በአንባቢውና በሥራው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሌክሳይል የሚባለው የጽሑፍ ክብደት መለኪያ ነው፤ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ከ1050 እስከ 1335 ነው። ሌክሳይል የሚያየው የዐረፍተ ነገር ርዝመትንና የቃላትን ተደጋጋሚነት እንጂ ትርጉምን አይደለም። በአጫጭር ምልልስ የተሞላ ለአዋቂ የተጻፈ ልብ ወለድ በቁጥር ለ3ኛ ክፍል የሚሆን ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ራስዎ ያንብቡና ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ጸሐፊው ሳይናገር ያለፈው ነገር ይበዛል? አንባቢው ምን ዓይነት የቀደመ ዕውቀት እንዲኖረው ይጠበቃል? አደረጃጀቱ ቀጥተኛ ነው?

ተማሪው 700 ላይ ከሆነ 1100 ያለውን ጽሑፍ ዝም ብሎ መስጠት አያዋጣም፤ 700ውን ብቻ መስጠትም ስታንዳርዱን መተው ነው። የሚሠራው በአንድ ርእስ ሁለት ጽሑፍ ማያያዝ ነው። መጀመሪያ ቀለል ያለው ይነበባል፤ ቃላቱንና ዕውቀቱን ያስጨብጣል። ከዚያ በክፍሉ ደረጃ ያለው ይነበባል፤ አጭር ይሁን፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ግን ሦስቴ ይነበብ። በሳምንት ቢያንስ አንድ በደረጃው ያለ ጽሑፍ ለሁሉም ተማሪ መድረስ አለበት።

7. የ36 ሳምንቱ አከፋፈል

ሳምንት 1 እና 2 ልኬት። ከ3 እስከ 10 ማስረጃና ማጠቃለያ። ከ11 እስከ 18 ቃላትና አደረጃጀት። ከ19 እስከ 27 የታሪክና የሳይንስ ጽሑፍ። ከ28 እስከ 34 መከራከሪያ መመዘን። 35 እና 36 የመጨረሻ ምዘና።

ከ19 እስከ 27 ላሉት የታሪክና የሳይንስ ሳምንታት አዲስ ጽሑፍ አይፈልጉ። የባዮሎጂ መምህሩን በሚቀጥለው ሳምንት የሚሠራውን የላብራቶሪ መመሪያ ይለምኑት። አርኤስቲ 3 ውስብስብና ብዙ እርምጃ ያለውን አሠራር በትክክል መከተል ስለሆነ ተማሪው መመሪያውን አንብቦ «አራተኛው እርምጃ ቢዘለል ምን ይበላሻል?» የሚለውን ይመልሳል፤ በማግስቱ ያንኑ በላብራቶሪ ይሠራዋል። ከታሪክ መምህሩ ደግሞ በአንድ ክስተት ላይ አንድ የዘመኑን ሰነድና አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ይውሰዱ፤ አርኤች 9 የሚጠይቀው ሁለቱን ማወዳደር ነው።

8. አንድ ሳምንት በቅርብ ሲታይ

አርአይ 9 በስም ከሚጠቅሳቸው ታሪካዊ ሰነዶች አንዱ የፕሬዚዳንት ሊንከን የጌቲስበርግ ንግግር ነው። አጭር በመሆኑ ለዚህ ኮርስ ይመቻል፤ በተለመደው ቅጂ 272 ያህል ቃልና 3 አንቀጽ ነው።

ሰኞ። ስለ ጦርነቱ ገለጻ አያብዙ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ተጀመረ፤ በጌቲስበርግ በጁላይ 1863 ተዋጉ፤ ሊንከን ኖቬምበር 19 ቀን 1863 ለወደቁት በተከለለው መቃብር ተገኝቶ ተናገረ። ግማሽ ሰዓት ገለጻ ከሰጡ ተማሪው ጥያቄውን ሁሉ ከገለጻው ይመልሳል፤ ጽሑፉ ሳይነበብ ይቀራል። ከዚያ በዝምታ አንድ ጊዜ፣ በመምህሩ ድምፅ አንድ ጊዜ ይነበባል። «ስኮር» 20 ማለት መሆኑን ይንገሯቸው፤ ከአውዱ አይገኝም። «ኮንሴክሬት»ን ግን አይንገሯቸው። «ዴዲኬት»ና «ሀሎው» ከሚሉት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተደርድሯልና አንዱን ያወቀ ሌሎቹን ይደርስባቸዋል።

ማክሰኞ፣ ስታንዳርድ 1። ንግግሩ የሚጀምረው «ከአራት ስኮርና ከሰባት ዓመት በፊት» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ 4 ጊዜ 20 ሲደመር 7 ያሰላሉ፤ 87 ይሆናል። ከ1863 ሲቀነስ 1776 ይመጣል። ጥያቄው፦ ሊንከን ሕገ መንግሥቱ ከተረቀቀበት ከ1787 ያልቆጠረው ለምንድን ነው? መልሱ እዚያው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የሚለው ሐሳብ አሜሪካ በ1776 ከእንግሊዝ ነጻ መሆኗን ያወጀችበት የነጻነት አዋጅ ቃል ነው። የአዋጁን ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር አጠገቡ አትመው ይስጡ። «ሊንከን እኩልነትን ይወዳል» የሚል መልስ ማስረጃ የለውም። «1776 አዋጁ የወጣበት ዓመት ነው፤ ሊንከን አገሪቱ የተመሠረተችው በእኩልነት ሐሳብ ላይ ነው ማለት ስለፈለገ ከዚያ ቆጠረ፤ 'ሁሉም እኩል ተፈጥረዋል' ብሎ የአዋጁን ቃል መድገሙ ይህን ያሳያል» የሚለው ግን ጠቅሷል፣ ጥቅሱንም ከድምዳሜው ጋር አያይዟል። ብዙ ተማሪ ጥቅሱን ጽፎ ያቆማል። «ይህ የሚያሳየው» ብሎ እንዲቀጥል ዐረፍተ ነገሩን ጀምረው ይስጡት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድጋፉን ያንሡ።

ረቡዕ፣ ስታንዳርድ 5። ሁለተኛው አንቀጽ «አሁን» ብሎ፣ ሦስተኛው «ነገር ግን» ብሎ ይጀምራል። ተማሪዎቹ ሁለቱን ቃላት ከበው የአንቀጾቹን ሥራ በየዳርቻው በአምስት ቃል ይጽፋሉ፦ ያለፈው፣ የዛሬው ጦርነት፣ ለሕያዋን የቀረው ሥራ። ከዚያ «ነገር ግን» የሚለው ቢወጣ ንግግሩ ምን ያጣል ብለው በጥንድ ይወያያሉ። ከሳምንቱ ጥያቄዎች ሁሉ ልጆቹን የሚያከራክረው ይህ ነውና 20 ደቂቃ አይንፈጉት።

ሐሙስ የ40 ቃል ማጠቃለያ ይጻፋል፤ ጥንዶች ወረቀት ተለዋውጠው አስተያየት ያለበትን ዐረፍተ ነገር ይሰርዛሉ።

ዓርብ አዲስ ጽሑፍ ይሰጣል፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 ስለ አራቱ ነጻነቶች ከተናገረው አንድ ገጽ። ጥያቄዎቹ የማክሰኞና የረቡዕ ዓይነት ናቸው፤ የትኛውን ስልት እንደሚጠቀም ግን አይነገረውም። ውጤት የሚያዘው በዚህ ላይ ነው። በጌቲስበርጉ ላይ የሚፈተን ተማሪ ክፍል ውስጥ የተባለውን ያስታውሳል እንጂ ማንበብ መቻሉን አያሳይም።

9. ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ተማሪ

በሜሪላንድና በዲሲ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች ዊዳ በሚባለው የቋንቋ ዕድገት ስታንዳርድም ይታያሉ፤ የ2020ው እትም የቋንቋ አጠቃቀምን በአራት ይከፍላል፦ መተረክ፣ ማሳወቅ፣ ማስረዳት፣ መከራከር። ስታንዳርድ 2 ከማሳወቅ፣ የላብራቶሪው ጽሑፍ ከማስረዳት፣ ስታንዳርድ 8 ከመከራከር ጋር ይገናኛል፤ በዕቅድዎ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው። የዊዳ ደረጃው ዝቅ ያለ ተማሪ የሚቀየርለት ድጋፉ ነው፤ ጥያቄው አይደለም።

ለአዲስ መጤ ተማሪ የመጀመሪያው ልኬት በአፍ መፍቻው ይሁን። አንድ ገጽ የአማርኛ ምንባብ ሰጥተው በአማርኛ ያጠቃልል። ካጠቃለለ ስልቱ አለው፤ የጎደለው እንግሊዝኛው ነውና የስልት ትምህርት እንደ አዲስ አይጀመርለት። ካልቻለ መጀመሪያ የትምህርቱን ቋንቋ ይጠይቁ፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ በአማርኛ አልተማረም፤ በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ወይም በትግርኛ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱን ያቋረጠም ይኖራል።

በአማርኛ ፊደል ማንበብ የለመደ ልጅ እያንዳንዱን ምልክት በጽኑ ያምናል፤ የተጻፈው ይነበባልና። እንግሊዝኛ ላይ አንድ ዓይነት ፊደላት አምስት ዓይነት ሲነበቡ ግራ ይገባዋል፤ ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ሌላው የዐረፍተ ነገሩ ቅርጽ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ልጁ መደምደሚያውን እዚያ ይጠብቃል፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ግን ዋናውን ግሥ ቀድሞ ጥሎ ማብራሪያውን ከኋላ ይጎትታል። ዋናውን ግሥና ባለቤቱን መጀመሪያ አስፈልገው ሌላውን ቀስ በቀስ ይጨምሩለት። በጎ ጎኑም አለ፦ ከአንድ ሥር «ሰባሪ»፣ «ስብራት»፣ «ተሰበረ» እያለ ቃል ማርባት ከልጅነቱ ያውቃል፤ «ባዮ»፣ «ግራፍ»፣ «ቴሌ» የመሳሰሉ ሥሮችን በዚያው መንገድ ቢያሳዩት ቶሎ ይይዘዋል። የጥንድ ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፣ የሚያስረክበው ወረቀት በእንግሊዝኛ።

10. መጣጣሙን መፈተሽ

በ10ኛው፣ በ18ኛውና በ27ኛው ሳምንት ከዓርብ ወረቀቶች ሦስት ይውሰዱ፦ አንድ ዝቅተኛ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ከፍተኛ። የስታንዳርዱን ቁጥር ሸፍነው ለሌላ መምህር ይስጡትና «ይህ ልጅ ምን እንዲሠራ የተጠየቀ ይመስልሃል?» ይበሉት። መልሱ ከካርድዎ ግሥ ጋር ከገጠመ ዕቅዱን ይዘው ይቀጥሉ። ካልገጠመ ጽሑፉንና ስልቱን ሳይነኩ መጀመሪያ ጥያቄውን እንደገና ይጻፉ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ሦስቱም ወረቀቶች አንድ ዓይነት መልስ ከያዙ ደግሞ ጥያቄው ሳያነቡ የሚመለስ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን ላላየ ሰው ሰጥተው ያስሞክሩት። የተሻሻለውን ጥያቄ ከዋናው ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ በበጋው ዕረፍት የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲጻፍ መነሻው ያ ማኅደር ይሁን።